በየጠዋቱ «አልተገኘም» የሚለው መልእክት

ሙሉ ስሜን አልጽፍም። ጅማ ውስጥ በፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ ያስጻፈ ሰው ማን እንደሆንኩ ያውቃል፤ የማያውቀኝ ደግሞ ማወቁ አይጠቅመውም። ጽጌ ማለት ይበቃል። የምነግራችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ጠዋት ተጀምሮ ሳይመሽ ያለቀ። ያን ቀን ለማስረዳት ግን አስቀድሞ ማን ምን እንዳደረገኝ መናገር አለብኝ። ቂመኛ ናት የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። የተደረገብኝን አልረሳም፤ አለመርሳት ቂም ከተባለ ቂመኛ ነኝ።

ወላጆቼ ከሸዋ የመጡ ናቸው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር ነው። ወጣትነቴን የጨረስኩት በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የጽሕፈት መኪና ላይ ተጎንብሼ ነው። ረቂቅ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። አለቃ የሚፈልገውን በቃል ይነግረኛል፣ እኔ በጭንቅላቴ አሰናድቼ በቀጥታ ወደ መኪናው አወርደዋለሁ። ሥርዝ ድልዝ የለውም። ኮምፒውተር ሲመጣ ኃላፊያችን፣ ስሙን አልጠራም ልጆቹ እዚሁ ከተማ ናቸው፣ «እርስዎ እንግዲህ ይረፉ» ብሎ ወደ መዝገብ ቤት አዛወረኝ። በቦታዬ የተቀመጠችው የሚስቱ እኅት ናት። እኔ ኮምፒውተሩን ከሥራ ሰዓት ውጭ በራሴ ተማርኩ። ጡረታ ስወጣም ከፍርድ ቤቱ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የጽሕፈት አገልግሎት ከፈትኩ።

ናስር የመጣው ያኔ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፣ የጅማ ልጅ። በኦሮምኛ የሚጻፈውን እሱ ይጽፋል፣ በአማርኛ የሚጻፈውን እኔ። ስለ ኮምፒውተር ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ አቤቱታ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ምን ቀድሞ ምን እንደሚከተል ግን ከእኔ ነው የተማረው። ለዓመታት ጎን ለጎን ሠራን። ከዚያ ባለቤቴ ታመመ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ለሆስፒታል ተንከራተትን፤ አልዳነም። የአርባውን ተዝካር አውጥቼ ሱቄን ስከፍት የናስር ጠረጴዛ የለም። ወንበሩ የለም። ከመንገዱ ማዶ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል።

አንድ ቃል አልነገረኝም። ደንበኛው አብሮት ሄደ፤ እዚህ የፍርድ ቤቱ ሥራ በኦሮምኛ ነውና ለእኔ የቀረኝ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ብቻ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ብዬው አላውቅም። በእሱ በኩል ባለው የመንገድ ጠርዝ እንኳ አልሄድም ነበር።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ። ባለፈው ፋሲካ ልጄ ዳዊት ከአዲስ አበባ መጥቶ ኮምፒውተሬን አየና በቫይረስ ተበልቷል አለኝ። ሳይጠይቀኝም ጠባቂ ነው ያለውን ጸረ ቫይረስ ጭኖልኝ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ሳያበቃ ትንሽ ሣጥን መሐል ላይ ብቅ አለች። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ነው፤ ለማስጀመር የሚያስፈልገው ፋይል አልተገኘም ይላል። ከሥሩ «ኦኬ» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ አለ። ተጫንኩት፣ ጠፋ። የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም በእጄ ስከፍተው ሠራልኝ። በማግስቱም ሣጥኗ መጣች። ዳዊትን በስልክ ብጠይቀው «ኦኬ በይውና እለፊው እማዬ፣ ምንም አይደለም» አለኝ። እኔም ኦኬ እያልኩ ማለፍ ለመድኩ።

እየቆየ ሣጥኗ ሁለት ሆነች። አንዳንድ ጠዋት መጻፊያው ጭራሽ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ተክሌ የሚባለውን የሰፈራችንን የኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠራለሁ። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ይጭነዋል፣ ቀኑን ሰላም ይውላል፣ በማግስቱ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያችው ሣጥን። ደግሞ ይጭናል፣ ደግሞ ትመጣለች። ኋላ ሁለታችንም ሰለቸን።

መጻፊያው ፕሮግራም እንደ አገራችን ልማድ ከሱቅ ሱቅ በፍላሽ ሲገለበጥ የኖረ ነው። ያልገዛው እንዳይጠቀምበት የተቆለፈበትን ቁልፍ ማን እንደሰበረው የሚጠይቅ የለም። የእኔን የጫነልኝ ናስር ነበር፣ አብረን ሳለን። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ወደ አዲሱ ዓይነት ፊደል ዞሯል። እኔ አልዞርኩም፤ የድሮው የቁልፍ አቀማመጥ ጣቴ ውስጥ ገብቷል፣ ጣቴን እንደገና ለማስተማር ደግሞ ፈቃደኛ አልነበርኩም።

ዘይነባ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ከጅማ አቅራቢያ ከአሰንዳቦ ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፣ ባሏ የሞተባት። የባሏ ወንድሞች የቡና መሬቷን ነጥቀዋት እዚህ ባሉት ፍርድ ቤቶች በየደረጃው ተሸንፋለች። የቀራት አዲስ አበባ ያለው ሰበር ሰሚ ችሎት ብቻ ነው። ማንበብ አትችልም፤ አማርኛዋ ትንሽ፣ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ኦሮምኛ ነው። እየተመላለሰች ነገረችኝ፣ የውሳኔዎቹን ግልባጭ አመጣችልኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ ረቂቅ ሳልይዝ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ የጻፍኩት አቤቱታ የለም። ማተሚያው ቀለም ጨርሶ ስለነበር ሳላትመው ቆየሁ። ቀለሙ ተገኝቶ ሊታተም የተቀጠረው ሐሙስ ነበር። የማመልከቻው ቀነ ገደብ ዓርብ ያልቃል። የዘይነባ የእኅት ልጅ የቡና ጭነት ይዞ ሐሙስ ወደ ማታ ከጅማ ስለሚነሣ ወረቀቱን እሱ አድርሶ ጠዋት እንዲያስገባላት ተስማምተዋል። ያ ቀን ካመለጠ መሬቱ አለቀለት።

ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ከፈትኩ። ለሳምንታት ጠፍቶ የነበረው ኢንተርኔት በዋዜማው ተመልሶ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ኮምፒውተሩን አስነሣሁ። ሣጥን መጣ፣ ኦኬ አልኩ። ሌላ መጣ፣ ኦኬ አልኩ። ሦስተኛ መጣ። የመጻፊያው ምልክት ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ብጫነው መልስ የለም። የዘይነባን ሰነድ ከፈትኩት። ስሟ የነበረበት ቦታ ላይ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ተዘርግፏል። ገጽ በገጽ ወረድኩ። አንድም የአማርኛ ቃል የለም።

አጥፍቼ አስነሣሁት፤ ያው ነው። ተክሌን ጠራሁት። እንደገና ሊጭንልኝ ሲፈልግ ኮምፒውተሬ ውስጥ አስቀምጦት የነበረው መጫኛው ራሱ የለም። ትከሻውን ነቀነቀና ፎርማት እናድርገው አለ። እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ምን ቢሆን መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ ሁሉን ጠርጎ ከዜሮ መጀመር።

«ሰነዱስ?» አልኩት።

«የት ነው ያስቀመጡት?»

«እዚሁ ፊት ላይ፣ ዴስክቶፑ ላይ።»

«እሱማ ይጠፋል። ለነገሩ አሁንም ጠፍቷል እኮ እትዬ፤ ይኼ ጽሑፍ ነው እንዴ?»

ይህን እያለ ፍላሹን ሰክቶ ጀምሮ ነበር። እጁን ከማውሱ ላይ አነሣሁት። ገፍቼዋለሁ ቢባልም አልክድም። ተቀይሞኝ ሄደ።

ሰነዱን በፍላሽ ይዤ ወደ ሌሎቹ ጽሕፈት ቤቶች ዞርኩ። የትም ብከፍተው ያው ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ነው። አንዷ ጸሐፊ ይኼ የድሮ ፊደል ነው፣ የራሱ ፕሮግራም ከሌለ አይነበብም፣ አሁን ማን ይጠቀምበታል ብላ ሳቀችብኝ። ሌላዋ ምናልባት ናስር ጋ ይኖር ይሆናል አለችኝ። እንዳልሰማሁ ሆኜ ወጣሁ።

ሱቄ ስመለስ ዘይነባ ደርሳ በር ላይ ቆማለች። ወደ ከተማ ስትመጣ ጥሩ ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላ ጫማዋን ከጭቃ አጥባ። አስገብቼ አስቀመጥኳት። ሰነዱ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ጎንበስ ብላ ተመለከተችው። ጣቷን አንሥታ፣ መስታወቱን ሳትነካ፣ በዚያ ዝባዝንኬ ላይ ቀስ እያለች ከላይ ወደ ታች አሳለፈችው።

«ይኼ ነው የእኔ ነገር?» አለችኝ።

እንዴት ያለ ፊት እንደነበራት መግለጽ አልችልም። ተደስታ ነበር። ለእሷ ያም ይኼም ጽሑፍ ነው፤ እኔ የነገረችኝን አምኜ እንደጻፍኩት እሷም አምናኝ ነው የምታየው። ልዋሻት እችል ነበር። «አይደለም» አልኳት፤ «ኮምፒውተሩ አበላሽቶታል። ጠብቂኝ፣ መጣሁ።»

ተነሥቼ መንገዱን ተሻገርኩ።

በናስር በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሙሉ የምትባል ምላሰኛ ሴት አለች። «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለደንበኞቿ። ናስር ሲጽፍ ቀና ብሎ አየኝና ከወንበሩ ተነሣ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ በቅርብ ሳላየው ለካ ያን ያህል ዘመን አልፏል። እንኳን ደኅና መጡ ለማለት እንኳ አልደፈረም፤ «እትዬ ጽጌ» ብሎ ቆመ። የመጣሁት ለራሴ ጉዳይ እንዳልሆነ ነገርኩት። የሆነውን አስረዳሁት። የድሮው ፕሮግራም እንዳለው ጠየቅሁት። ከጣለው ቆይቷል፤ የለውም። ፊቴን ሳዞር «ሲነሣ ምን ይላል?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ኮምፒውተሩ። የሚያወጣው መልእክት ምን ይላል?»

አንብቤው አላውቅም ማለት አፈርኩ። ፋይል አልተገኘም የሚል ይመስለኛል አልኩት። ኮቱን ለበሰና ተከተለኝ።

ሱቄ ውስጥ ገብቶ ለዘይነባ ሰላምታ ሰጣት፤ በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ቆሞ፣ አልቀመጥ ብሎ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው። ሣጥኖቹ ሲመጡ ኦኬ አላለም። እያንዳንዱን ጮክ ብሎ አነበበ፣ የጎደለውን ፋይል ስም በስልኩ ፎቶ አነሣ። መቼ እንደጀመረ ጠየቀኝ። ማን ነክቶት እንደነበር ጠየቀኝ። ኢንተርኔቱ መቼ እንደተመለሰ ሲጠይቀኝ ተናድጄ ኢንተርኔት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው አልኩት። በማያው ጥግ ያለውን የዳዊትን ጠባቂ ከፈተው። ውስጡ ቫይረስ ነው ብሎ ያሰባቸውን የሚቆልፍበት ቦታ አለው። የአማርኛ መጻፊያዬ ፋይሎች በሙሉ እዚያ ተቆልፈዋል።

«ጠባቂው ነው» አለ። «ፕሮግራሙ ቁልፉ የተሰበረ ስለሆነ ሌባ መስሎታል። ተክሌ በጫነ ቁጥር በማግስቱ ሲነሣ እያገኘ ይወስደዋል። ትናንት ማታ ኢንተርኔት ሲያገኝ ደግሞ አዲስ ትእዛዝ መጣለትና የቀረውን ጠራርጎ ወሰደ። ሣጥኑ ግን በየቀኑ ሲነግርዎት ነበር።»

«ኦኬ በይ ተብዬ ነው።»

«ሁላችንም እንደዚያው ነን» አለ።

ፋይሎቹን ወደ ቦታቸው እንዲመልስ አዘዘው። ጠባቂውንም ሁለተኛ እንዳይነካቸው አደረገው። አንድ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረ። ግማሹን አለፈ። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ።

ውጭ ዝናብ ይዘንባል። ዘይነባ አንዴ እኔን፣ አንዴ ናስርን ታያለች። በሰፈሩ ጄኔሬተር ያለው አንድ ሱቅ ብቻ ነው፣ የእሱ። እሱ ሲፒዩውን ከጠረጴዛው ሥር አወጣና ኮቱን አውልቆ ሸፈነው፤ እኔ ማተሚያውን በፌስታል ጠቀለልኩ፤ ዘይነባ ገመዶቹን ሰበሰበች። ሦስታችንም በዝናቡ ተሻገርን። ሙሉ መጋረጃውን ገልጣ ያዘችልን።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ናስር ገመዶቹን ሰካካ። ጣቱን ማብሪያው ላይ አድርጎ ቆየት አለ። ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ ያ ሣጥን የሚመጣው ሲነሣ ነው። ፋይሎቹ ሳይመለሱ መብራቱ ቀድሟቸው ሄዶ ከሆነ ሰነዱ ለዘላለም ቅንፍና ጥያቄ ምልክት ነው። «ቢስሚላህ» ብሎ ተጫነው።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፣ ለመነሣት ጊዜ ይወስዳል። ጥቁር ማያ ላይ ነጭ ነጥቦች ይዞራሉ። አጠገቡ ተቀምጫለሁ፣ ቀሚሴ ርሷል። ከዚያ በኋላ ዕድል እንደማላገኝ ተሰማኝና ጠየቅሁት።

«ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ?»

ዓይኑን ከማያው አላነሣም። ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረኝ። ሱቁ ተዘግቶ ሰንብቶ ነበር፤ ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች። ለቅሶው ድንኳን መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ሊነግረኝ አስቦ ነበር።

«ፊትዎን ሳይ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ» አለ። «ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አሳደርኩት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አፈርኩ። ጥዬዎት ነው የሄድኩት እትዬ። አጥፍቻለሁ።»

«አዎ፣ አጥፍተሃል» አልኩት።

ያን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄአለሁ። ሲመጣ ደረቴ የሚቀልል ይመስለኝ ነበር። አልቀለለም። እርጥብ ልብስ እንደለበስኩና በጣም እንደደከመኝ ብቻ ታወቀኝ። ምንም አይደለም አላልኩትም፤ ነገር ነበረና። እሱም ይበሉኝ አላለም። ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ማያው መለስን።

ነጥቦቹ መዞር አቆሙ። ማያው በራ። ምልክቶቹ አንድ በአንድ መጡ። ሣጥኗን ጠበቅን። ናስር እጁን ከማውሱ ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሣጥን የለም። የመጻፊያው ምልክት ከለሩን ይዞ ተመልሷል። ሰነዱን ክፈት አልኩት፤ እርስዎ ይክፈቱት አለኝ። ከፈትኩት።

«አመልካች፣ ወይዘሮ ዘይነባ» ይላል።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ናስር። ዘይነባ ወደ ማያው ቀርባ ቅድም እንዳየችው አየችው። ልዩነቱን ያየችው እኛ ፊት ላይ ነው መሰለኝ፤ ማልቀስ የጀመረችው እኛን አይታ ነው። አትመን፣ በየገጹ አውራ ጣቷን አስደግፈናት፣ የጭነት መኪናው ሳይነሣ የእኅቷ ልጅ እጅ ገባ። ዓርብ ጠዋት ማመልከቻው እንደገባ ስልክ ተደወለልን።

ማታ ለዳዊት ደወልኩለት። ለደኅንነትሽ ብዬ እኮ ነው የጫንኩት አለኝ። እናንተ አንባቢዎቼ፣ ለደኅንነቴ ተብሎ የተደረገብኝን ብዘረዝር ይህ ገጽ አይበቃኝም። «ይረፉ» ያለኝም ኃላፊ ያዘነልኝ መስሎ ነበር። ልጄ ክፉ አይደለም፤ ግን ምን እንደምጽፍበት፣ በምን እንደምጽፍ አንድ ጊዜ ቢጠይቀኝ ኖሮ ያ ቀን አይመጣም ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። እሱም እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ያም የመጀመሪያው ነው።

ናስርን ይቅር ብለሽዋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላልኩትም። ለበዓል ቤቱ አልሄድኩም፣ እሱም አልመጣም። ነገር ግን ጠይቄዋለሁ፣ መልሶልኛል። ከዚያ በፊት በየጠዋቱ ሱቄን ስከፍት ከመንገዱ ማዶ ያንን ሰሌዳ አይቼ፣ አንዳች ነገር ይነግረኝ የነበረውን ሳላነብ፣ እንደዚያች ሣጥን ዘግቼው አልፍ ነበር። ሰው ላይም ኮምፒውተር ላይም የማደርገው አንድ ዓይነት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አሁን የሚመጣልኝን መልእክት አነባለሁ። ካልገባኝ ፎቶ አነሣውና መንገዱን እሻገራለሁ። አዲሱንም ፊደል እየተማርኩ ነው፤ ጣቴ ገና ይሳሳታል። የአማርኛ ሥራ ሲመጣለት ወደ እኔ ይልካል፣ የኦሮምኛ ሲመጣልኝ ወደ እሱ እልካለሁ። እናንተም ዕድሜያችሁ ምንም ይሁን፣ በየቀኑ አንድ ነገር ጎደለ የሚላችሁን ድምፅ ኦኬ ብላችሁ አትለፉት።

ከወራት በኋላ ዘይነባ የችሎቱን ውሳኔ በፖስታ ታሽጎ ይዛ መጣች። ለማንም አላስነበበችውም። አማርኛውን እኔ አነባለሁ፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ ቃል በገበያ ኦሮምኛዬ ላወርድላት አልደፈርኩም። እጇን ይዤ ናስር ጋ ወሰድኳት። መሐላችን ተቀመጠች። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፣ እሱ በኦሮምኛ ይነግራታል። የሥር ፍርድ ቤቶቹ ውሳኔ መሻሩ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ አቆምኩ። እሷ ወደ ናስር ዞራ «ማል ጄዸ?» አለችው፣ ምን ይላል። መሬቱ ይመለስላት ይላል ሲላት አላመነችም። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ጆሮዋን ገለጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደገና እንድናነብላት ለመነችን።

ከመጀመሪያው መስመር ጀምረን እንደገና አነበብንላት።